የእልፍነሽ መዶሻ

ሰኞ ሰኞ መዶሻዎቹ ይመለሳሉ።

ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርድና ሣጥኖቹን እየጎተተ ከክሩቤል ሱቅ ደጃፍ ይደረድራቸዋል። ክሩቤል እጁን በሽርጡ እየጠረገ ይወጣል። "እንዴት አደርክ?" ይለዋል። "ይመስገን" ይላል ሹፌሩ። ከዚያ ወዲያ አይነጋገሩም። ስለ ባለቤቶቹ መጠየቅ ነውር ነው። ብረት ውድ ስለሆነ መዶሻ ሁሉ ተለቅሞ ይመለሳል፤ ሰው ግን እንደ ዕድሉ ነው።

ቀሪውን ቀን ክሩቤል የሚያሳልፈው እጀታውን ከአናቱ ሲነቅል ነው። አናቱ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል፣ እጀታው ለማገዶ። ከእጀታዎቹ ብዙዎቹን ያውቃቸዋል። ይኼ የባንክ ሠራተኛዋ ነው፤ አውራ ጣቷ አጭር ስለነበር ጎድጎድ ያለውን ቦታ ትንሽ ወደ ላይ አስጠግቶላት ነበር። ይኼ ደግሞ ሲስቅ ሱቁን የሚያናውጠው የኳስ አሠልጣኝ። ስማቸው ሊጠፋበት ይችላል፤ እጃቸው ግን አይጠፋበትም። ልከኛ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ የሰው እጅ ለክቶ፣ ለዚያ እጅ ብቻ የሚሆን የጦር መዶሻ የሚሠራ።

ሰማዩ ከተዘጋ ወዲህ ጠመንጃ የሚተኩስ የለም። የሚፈነዳ ነገር ሁሉ ከላይ ይታያል፣ መልሱም ከላይ ይመጣል፤ ተኳሹን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እኛም ማዶዎቹም ጠመንጃችንን ጣልን፤ ጦርነቱን ግን ማንም አልጣለውም። ቅርፊት የሚባለው ልብስ ሲመጣ ደግሞ ጎራዴውም ጦሩም እየተንሸራተተ አስቸገረ። የቀረው መዶሻ ነው። መዶሻ አይቆርጥም፣ አይበሳም፤ ቅርፊቱን እንዳለ ትቶ ውስጡ ያለውን አጥንት ያናግረዋል።

ሰውም ለመደው። የታክሲ ረዳቶች "መዶሻ ከእግር ሥር! መዶሻ ከእግር ሥር!" እያሉ ይጮኻሉ። ካፌ በር ላይ ከጃንጥላው ማስቀመጫ አጠገብ የመዶሻ መደርደሪያ አለ። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ከጫማው ጎን ይደረደራል፤ አንድ ሰሞን መቀያየር በዝቶ ስለነበር አሁን ከጸሎት በኋላ "የየራሳችሁን" ተብሎ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚቀርብላቸው ጥያቄ ስለ ሙሽራው ትምህርት አይደለም፤ ስለ ልኩ ነው።

ልክ ማለት ቁጥር ነው። መዶሻ ሁሉ አንገቱ ላይ ትንሽ ዓይን አለችው። እጀታው የያዘውን መዳፍ ያነብና ዓይኗ ትበራለች፤ ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ ከሥሯም ቁጥሩ። ዘጠናና ከዚያ በላይ ያወጣ ግንባር ይሄዳል። ከዚያ በታች የሆነ ደጀን ይቀራል፤ ወጥ ይሠራል፣ ቅርፊት ይጠግናል፣ ውሃ ያመላልሳል። መንግሥት ልኩ ያልገጠመውን ሰው ግንባር የማይልከው አዝኖለት አይደለም፤ ቅርፊቱ እንዳይባክን ነው።

ከክሩቤል ሱቅ ከዘጠና በታች ወጥቶ አያውቅም። ልጃቸው ዘጠና አምስት ሲያወጣ እናቶች እልል ይላሉ፤ ክሩቤልንም አገላብጠው ይስሙታል። ቤታቸው ገብተው በር ከዘጉ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ እሱ አያይም፤ ማየትም አይፈልግም።

አሁን ግን የእልፍነሽ ተራ ደረሰ።

እልፍነሽ አንድያ ልጁ ናት። ጥሪዋ መምጣቱ እንደተሰማ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ "መቼም የእሷ ነገር አያሳስብም፤ አባቷ ልከኛ!" አለ። ክሩቤል "ተመስገን ነው" እያለ ሸኛቸው። ለአንድ ሳምንት ያህል ልጁን ወደ ሱቁ አልጠራትም። የእንጨት መሰንጠቂያውን ዘይት ቀባ፣ የተቀባውን ጠረገና እንደገና ቀባ። በመጨረሻ ራሷ መጣች።

"ደንበኛ ነኝ" አለች፣ የደንበኞች በርጩማ ላይ ተቀምጣ። "ወይስ ለቤተሰብ አትሠሩም?"

"ቀኝሽን ዘርጊ።"

ዘረጋች። ክንዷን ከክርን እስከ አንጓ ለካ፣ ከዚያ የጣቶቿን ርዝመት፣ ከዚያ የመዳፏን ስፋት። ግራ እጇ ጉልበቷ ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ ጣቶቿ እየተንቀሳቀሱ፣ ተራቸውን እንደሚጠብቁ። ክሩቤል እንዳላየ ሆነ። ስታድግ እንዳላየ መሆን የተማረው በዚችው እጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እልፍነሽ ግራኝ ናት። ገና በሁለት እግሯ ቆማ ስትሄድ ጀምሮ ማዕድ ላይ ቀድማ የምትዘረጋው ግራዋን ነበር፤ ክሩቤል ደግሞ እንግዳ ፊት ማፈር አይወድም። "በቀኝሽ!" ይላታል። ትመልሳለች፣ ትረሳለች፣ እንደገና ትዘረጋለች። "በቀኝሽ!" አንድ ክረምት ሙሉ ግራዋን በእናቷ ነጠላ ከወገቧ ጋር አስሮ አበላት። ተሳካለት። ዛሬ በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ ትጽፋለች፣ ግራኝ መሆኗን ከአባቷና ከእናቷ በቀር የሚያስታውስ የለም። ብርጭቆ ሲወድቅ ብቻ፣ ወይም ሳቅ ሲያመልጣት አፏን ልትሸፍን ስትል፣ ያቺ ግራ ከተደበቀችበት ብቅ ትላለች።

ግንባር ላይ ግራኝ ይፈለጋል። የማዶዎቹ ጋሻ የሚመክተው ከቀኝ የሚመጣውን ነው፤ ከግራ የመጣበት ሰው ምን እንደነካው ሳያውቅ ይወድቃል። ስለዚህ ግራኝ የተገኘ ሁሉ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቆማል። ሰኞ በሚመጡት ሣጥኖች ውስጥ የአውራ ጣቱ ጎድጓዳ በተቃራኒው በኩል የሆነ እጀታ ክሩቤል ሲያገኝ አዲስነቱ እንኳ ገና አልለቀቀውም፤ ላብ አልጠገበም።

ያሰበውም ቀላል ነበር። ለቀኝ እጇ ይሠራል። የግራኝ ቀኝ፣ የቱንም ያህል ቢደከምበት፣ ከሰባ አያልፍም። መዋሸት አያስፈልገውም፤ ዝም ማለት ይበቃል። ልጁ ደጀን ትቀራለች።

ይህን ለሚስቱ ለሃሴት የነገራት ምሳ ይዛለት ሱቁ በመጣች ጊዜ ነው። ሃሴት የምሳ ዕቃውን ክዳን እንደያዘች ቀረች።

"ሰባ? ልጄን ሰባ መዶሻ አስይዘህ ልትሸኝልኝ?"

"ደጀን እንድትቀር ነዋ።"

"ደጀን አይመታም ያለህ ማነው? ከእኛ በላይ ያሉት የእማማ ኖላዊት ልጅ የት ነው የሞተው? ድስት ሥር አይደለም እንዴ? መዶሻውን አንስቶ ነበር አሉ፤ እጁ ውስጥ ዞረበት እንጂ!"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! እኔ በልጄ እጅ ላይ የማይዞር መዶሻ ነው የምፈልገው።"

"ታዲያ ምን ላድርግ ሃሴት? ዘጠና አምስት ሠርቼ በገዛ እጄ ልስደዳት?"

ሃሴት ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "እኔ እንጃ። ልከኛው አንተ ነህ" ብላ ወጣች።

ክሩቤል ምሳውን አልበላም። ሚስቱ ትክክል ናት፤ እሱም ትክክል ነው። ማምሻውን ልጁን አስጠራት። በሩን ዘጋ፣ መጋረጃውን ጎተተ፣ በርጩማው ላይ አስቀመጣትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ግራሽን ስጪኝ" አላት።

እልፍነሽ ወዲያው አልሰጠችውም። መጀመሪያ በሩን አየች፣ ከዚያ እሱን። "የቱን?"

"ግራሽን።"

ዕቃ እንደ ሰረቀ ሰው ቀስ አድርጋ ዘረጋችው። ክሩቤል እጇን በሁለት እጁ ያዘው። ተንከባክቦ ይዞት አያውቅም። የሚያስገርም እጅ ነበር፤ ጠንካራ፣ ፈጣን፣ ብዙ ዘመን ዝም በል የተባለ። ሲለካት አንገቱን ደፍቶ ነው፤ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

ከዚያ በኋላ የሠራው መዶሻ በዕድሜው ከሠራቸው ሁሉ የተለየ ነው። ሌሎቹ ልከኞች እጀታውን ከማሽን ያወጣሉ፤ እሱ የደረቀ ወይራ መረጠ፣ መትቶ የሚመለሰው ንዝረት የክንድ አጥንቷን እንዳያደክመው። አናቱን አቀለለው። ወጣቶች ከባድ አናት ይወዳሉ፤ የመዶሻ ዋናው ነገር ግን መምታቱ አይደለም፣ ከሳተ በኋላ ቶሎ መመለሱ ነው። በሳተውና በሁለተኛው ምት መሐል ነው ሰው የሚሞተው። ፊቱን አጥብቦ እንደ ሞረድ አሻከረው፣ ቅርፊት ላይ እንዳይንሸራተት። ከኋላው ያለውን ምንቃር የጋሻ ጠርዝ ይዞ እንዲጎትት አጎበጠው። እጀታውን ሞላላ አደረገው፤ ጭስም ሆነ ጨለማ ቢሆን እጇ ብቻውን የመዶሻው ፊት ወዴት እንደዞረ እንዲያውቅ። ያን ሞላላ ደግሞ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አጣመመው። የአውራ ጣቱን ጎድጓዳ እንጨቱ የራሱ ጉድለት የሆነ እስኪመስል አስመስሎ ቀረጸው። በቀኝ የያዘው ሰው የተገላበጠ ጫማ ያደረገ ያህል ቅር ይለዋል፤ ምኑ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ሲያልቅ ለእልፍነሽ ሰጣት። በቀኟ ያዘችው። የመዶሻው ዓይን ቢጫ በራች፤ ስድሳ ስምንት።

"አሁን በሌላው።"

አዛወረችው። ዓይኗ አረንጓዴ ሆነች፤ ዘጠና ስምንት። እልፍነሽ ሱቁ መሐል የቆመውን ግንድ አንዴ መታችው፣ መልሳ መታችው፣ ሦስተኛውን መቼ እንደመታች ክሩቤል አላየም። ጮክ ብላ ሳቀች።

"አባዬ! ይኼ ነገር እኮ ራሱ ነው የሚሄደው!"

ክሩቤል መጋረጃውን አየ። "አስቀምጪው" አላት። "አሁኑኑ አስቀምጪው። ስሚኝ። በፈተናው ቀን በቀኝሽ ብቻ። ግራሽ ጋሻ ይይዛል፣ ከእጀታው አጠገብ አይደርስም። እዚያ ደጀን ሆነሽ ክፉ ነገር ከመጣ ግን..."

"ገባኝ" አለች። ሳቋ ጠፍቷል። "ጓደኞቼ ግንባር ሲሰለፉ እኔ ወጥ ላማስል።"

"አዎ። አማስዪ።"

"ከታወቀብንስ?"

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ልክ ደብቆ የተያዘ ሰው መዶሻው ይወሰድና፣ ባለመዶሻው ከመጋዘን የተገኘውን ብረት ተሸክሞ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቆማል።

ፈተናው የተደረገው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ወላጆች ከገመዱ ወዲያ ተኮልኩለዋል፤ ጃንጥላ የያዘ አለ፣ ለልጁ ውሃ የያዘ አለ። ልከኞች ግን በደንቡ መሠረት ከመርማሪዋ ጠረጴዛ አጠገብ ይቆማሉ። መርማሪዋ ኮሎኔል ሶልያና ናቸው፤ ጠጉራቸው የነጣ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ፣ ሁሉንም "ልጄ" የሚሉ ረጋ ያሉ ሴት። ነጭ ጓንት አድርገዋል፣ የሰው መዶሻ ሲይዙ የመዶሻው ዓይን እንዳትሳሳት።

እልፍነሽ ተጠራች። ጋሻ በግራ፣ መዶሻ በቀኝ። ቅርፊት የለበሰውን የጭድ ሰው መታችው። የመዶሻው ዓይን ቢጫ ሆነች። ኮሎኔሏ መነጽራቸውን አስተካክለው ቁጥሩን አነበቡ፣ ከዚያ ቀና ብለው ክሩቤልን አዩት።

"ስድሳ ስምንት። ከእርስዎ ቤት?"

"እጅ ነው እንግዲህ" አለ ክሩቤል። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። "አንዳንዱ እጅ አይገጥምም።"

"ልጅዎ ናት አይደል?"

"አዎ።"

ኮሎኔሏ መዶሻውን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጡትም። አገላበጡት። በጓንታቸው ወይራውን እየዳበሱ ወደ ታች ወረዱ፣ ጎድጓዳው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከገመዱ ወዲያ ሃሴት ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች።

"ቆንጆ ሥራ ነው" አሉ ኮሎኔሏ። "ምኑ እንዳልገጠማት አልገባኝም። ብቻ ያሳዝናል።" ወደ ጸሐፊው ዞሩ። "ደጀን በላት።"

ክሩቤል ቃሉን በልቡ ደገመው። ደጀን። ወጥ ታማስላለች። ትመለሳለች። እልፍነሽ ጋሻዋን ለወታደሩ መልሳ ባዶ እጇን ቆመች፤ ወደ አባቷ ሰርቃ አየችና ከንፈሯን ነከሰች፣ ፈገግታዋን ለመደበቅ።

ኮሎኔሏ መዶሻውን በእጀታው በኩል ዘረጉላት። "እንኪ ልጄ። እግዜር ይጠብቅሽ።"

ክሩቤል ነገሩ ሳይሆን በፊት አየው። እልፍነሽ አንገቷን ሰበር፣ ጉልበቷን ሸብረክ አደረገችና፣ ከታላቅ ሰው እንደሚቀበል በደንብ ያደገ ልጅ ሁሉ፣ ሁለት እጇን ዘረጋች።

ዳቦ ሲሰጧት፣ ከረሜላ ሲሰጧት፣ እንግዳ ሳንቲም ሲያስይዛት፣ "በሁለት እጅሽ ተቀበዪ" ያላት እሱ ነው። በአንድ እጅ መቀበል ንቀት ነው ያላት እሱ ነው። ስለ ጋሻው አስቦ ነበር፣ ስለ ጓንቱ ሳይቀር አስቦ ነበር። ይኼን አላሰበም። "በቀኝሽ!" የሚለው ቃል፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያለ ማቋረጥ የጮኸባት ቃል፣ አፉ ድረስ መጥቶ እዚያው ቀረ። ቢናገረው ሁሉ ነገር ያበቃል። ዝም አለ፤ ዝም ሲልም ሁሉ ነገር አበቃ። ግራ እጇ ከሥር ገባች፣ አውራ ጣቷ ማንም ሳይመራው ጎድጓዳው ውስጥ ሄዶ ተቀመጠ። እጀታ ሁለት መዳፍ ሲያገኝ የሚያነበው የተስማማውን ነው።

የመዶሻው ዓይን አረንጓዴ በራች።

ኮሎኔሏ ጎንበስ ብለው አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡ። "ዘጠና ስምንት" አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ ጮክ ብለው፣ "ዘጠና ስምንት! ግራኝ ናት!"

ከገመዱ ወዲያ ያሉት እናቶች እልል አሉ። ለምደውታል፤ ቁጥር ሲሰሙ አፋቸው ራሱ እልል ይላል። ሃሴት ብቻ ነጠላዋን ከጥርሷ አላወጣችም።

ክሩቤል መዶሻውን እስኪወስዱት ጠበቀ። ኮሎኔሏ ግን እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ፤ ዓይናቸው ውስጥ ደስታ እንጂ ጥርጣሬ የለም። "አቶ ክሩቤል፣ ትሕትና ልክ አለው እኮ! ልጅቱ በቀኝ ይዛ እየተፈተነች ዝም ይላሉ? በዚህ ሁሉ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። እንኳን ደስ ያለዎት።"

ለዚህም መልስ አለው፤ ለዚህም ተምሮ ያደገ ሰው ነው።

"እንኳን አብሮ ደስ አለን" አለ ክሩቤል።

ግንባር የሚሄዱት በዚያው ቀን ነው የሚጫኑት። አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ ሦስቱ ከአጥሩ ሥር ጥላ ላይ ተቀመጡ። ሃሴት የምሳ ዕቃውን ከፈተች። ማንም አልራበውም።

"አባዬ፣ እኔ እኮ አላሰብኩትም" አለች እልፍነሽ። "ዝም ብሎ ወጣብኝ።"

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያስገባሁብሽ።"

ቀኟን ወደ ምግቡ ዘረጋች። ክሩቤል አንጓዋን ያዛት።

"በግራሽ ብዪ።"

እልፍነሽ ዙሪያዋን አየች። አጥሩ ሥር ብዙ ሰው አለ፤ ቄሱም አሉ፣ የሠፈሩ ሽማግሌዎችም። "ሰው ያየኛል" አለች በሹክሹክታ።

"ይይሽ።"

ግራዋን ዘረጋች። መጀመሪያ ጉርሻው ከጣቷ አመለጠ፤ ሁለተኛው አላመለጠም። ቀኟን ክሩቤል ሊለቃት አልቻለም፤ ሹፌሩ ጥሩንባውን እስኪነፋ ድረስ እንደያዛት ነበር። ሃሴት የሚያለቅሰውን ባሏን እንጂ ልጇን አላየችም፤ ልጇን ካየች እንደማትለቃት ታውቃለች።

ሰኞ መኪናው መጣ። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ሣጥኖቹን መጎተት ጀመረ። ክሩቤል እጁን ሳይጠርግ ወጣ። የመጀመሪያውን ሣጥን ክዳን ገለጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ሰደደና እጀታዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ይዳብስ ጀመር። የቀኝ። የቀኝ። የቀኝ።

"እንዴት አደሩ ጋሽ ክሩቤል?" አለው ሹፌሩ፤ እንዲህ ብሎት አያውቅም።

የቀኝ። የቀኝ። ሣጥኑ አለቀ።

"ይመስገን" አለ ክሩቤል፣ ወደ ሁለተኛው ሣጥን እየተንበረከከ።